የመንግስት ብክነት የሚቀንስ ገለልተኛ ኮሚሽን ይቋቋም ብንል ስልጣኑ እስከ የት ይሁን?

የግዥ ሰው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ይሄን ሃሳብ ለወራት ሳብሰለስለው ከርሜ ዛሬ ልዘርግፈውና እናንተም የመሰላችሁን በሉበት ብዬ ነው። ስድስት አመት አንድ የመንግስት መስሪያ ቤት ግዥ ክፍል ሰርቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ነገሩ የሱ ብቻ አይደለም። በየአመቱ በጀት ሊዘጋ አንድ ወር ሲቀረው ሩጫ ነው። «ያልተጠቀማችሁት ተመላሽ ይሆናል፣ ለሚቀጥለው አመትም በዛው ልክ ይቀነስባችኋል» ስለሚባል የስራ ክፍሎቹ ሁሉ እቅድ ውስጥ ያልነበረ የግዥ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። አንዴ 40 ፕሪንተር ገዛን፣ ስፔሲፊኬሽኑ በሁለት ቀን ተጽፎ ማለት ነው። ከሁለት አመት በኋላ ስራ ስለቅ ከ40ው 26ቱ ካርቶናቸው ሳይከፈት ስቶር ውስጥ ተደርድረው ነበር፣ ቶነራቸውም ገበያ ላይ መገኘት አቁሟል። ማንም አልሰረቀም። ወረቀቱ የተሟላ ነው፣ ኦዲተር መጥቶ አየና ችግር የለም ብሎ ሄደ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ «ችግር የለም» የሚለው ነው።

ስለዚህ ሃሳቤ፦ ከመስሪያ ቤቶቹ ውጪ የሆነ፣ ፖለቲከኛ የሌለበት፣ ብክነት ብቻ የሚያሳድድ ገለልተኛ ኮሚሽን ይቋቋም። ፕሮጀክት የማስቆም ስልጣን ይኑረው፣ በመጀመሪያው አመት ደግሞ ከሁሉም መስሪያ ቤት 10 በመቶ እንዲቀንስ ይታዘዝ። ምን ትላላችሁ?

ጥያቄ አለኝ

ወንድሜ ብስጭትህ ይገባኛል ግን ዋና ኦዲተር አለ፣ የውስጥ ኦዲት አለ፣ ፀረ ሙስና አለ፣ የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አለ። አሁን ደግሞ ኮሚሽን? ኮሚሽነር፣ ምክትል ኮሚሽነር፣ መኪና፣ ቢሮ ኪራይ፣ የህዝብ ግንኙነት ክፍል... በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አይሆንም ወይ? ያሉትን ማጠናከር ሲቻል አዲስ ለምን እንደሚፈለግ አስረዳኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቅህ።

ጡረተኛ ኦዲተር

ልጆቼ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ከ30 አመት በላይ በዚሁ ስራ ነው ያረጀሁት። መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የሂሳብ ኦዲት የሚጠይቀው «ገንዘቡ ደንቡን ተከትሎ ወጥቷል ወይ» ብሎ ነው። የክዋኔ ኦዲት ደግሞ «በዚህ ገንዘብ ምን ተገኘ፣ በአነስተኛ ወጪ ይገኝ ነበር ወይ» ይላል። የግዥ ሰው ያየው ኦዲተር የመጀመሪያውን ነው የሰራው፣ 26ቱ ፕሪንተር በሱ ሚዛን ጥፋት አይደሉም። ሁለተኛውን የሚሰራ የሰው ኃይል ሁልጊዜ ትንሽ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል።

እና ሌላው ህመም፣ ኦዲት ሁሌም ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው የሚደርሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የተገኘው ግኝት ተጽፎ ለኃላፊው ይላካል፣ ኃላፊው «እናስተካክላለን» ብሎ ይመልሳል፣ በሚቀጥለው አመት ያው ግኝት፣ ያው ቃል፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ። እኔ አንድ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ግኝት ለሰባት ተከታታይ አመት ጽፌያለሁ። ስለዚህ ብክነቱን የሚያውቅ ጠፍቶ አያውቅም፣ የጠፋው ተጠያቂው እንዲመልስ የሚያስገድድ ነው።

ኮሚሽን በማቋቋም ብቻ እንደማይሆን ለማየት የአሜሪካውን የግሬስ ኮሚሽን ተመልከቱ። በ1982 ፕሬዝዳንቱ ሮናልድ ሬገን አቋቋሙት፣ በነጋዴው ፒተር ግሬስ የሚመራ፣ ወጪውም በግሉ ዘርፍ የተሸፈነ። በ1984 መጀመሪያ ላይ 2,478 ምክረ ሃሳብ አቀረበ፣ በሶስት አመት 424 ቢሊዮን ዶላር ይተርፋል ብሎ። የኮንግረስ የበጀት ቢሮና የኮንግረሱ ኦዲት መስሪያ ቤት ተቀምጠው ሲያሰሉት ግን የሚተርፈው ከተባለው እጅግ ያነሰ ሆነ፣ ከምክረ ሃሳቦቹም ብዙዎቹ ህግ ካልተቀየረ የማይሰሩ ነበሩ። ኮሚሽኑ ሪፖርቱን አስረክቦ ተበተነ፣ ኮንግረሱ ደግሞ አብዛኛውን አልነካውም።

የግዥ ሰው

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ የሰባት አመቱ ነገር አሳዘነኝ። ግን ከዛ የምወስደው እኔ ካልኩት ጋር ይስማማል፣ ምክር ብቻ ስለሆነ ነው የከሸፈው። የማስቆም ስልጣን ቢኖረውስ?

ገጽ በገጽ

እዚህ ጋ ትንሽ ልግባ፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤያለሁ። ያልተመረጠ አካል ህዝብ የመረጠው ምክር ቤት ያጸደቀውን በጀት ይሰርዝ ማለት ከባድ ነገር ነው፣ አብዛኛው አገር ህገ መንግስቱም አይፈቅድም። ግን በ«ምከር» እና በ«ሰርዝ» መሃል ሶስተኛ መንገድ አለ።

አሜሪካኖች የማያስፈልጉ የጦር ሰፈሮችን መዝጋት አቅቷቸው ነበር። ሰፈሩ ያለበት አካባቢ ተወካይ ሁሉ «ሌላው ይዘጋ የኔ ግን አይነካ» ስለሚል ከ1977 በኋላ ለአስር አመት ገደማ ትልቅ ሰፈር የተዘጋ የለም ማለት ይቻላል። በ1988 ገለልተኛ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ከዛ በ1991፣ 1993፣ 1995 እና 2005 ተደገመ። ኮሚሽኑ የሚዘጉትን በዝርዝር ያወጣል፣ ፕሬዝዳንቱ ዝርዝሩን እንዳለ ይቀበላል ወይ እንዳለ ይመልሳል፣ ከተቀበለ ኮንግረሱ በ45 ቀን ውስጥ ሙሉውን የሚቃወም ውሳኔ ካላሳለፈ በቃ ይጸናል። አንዱን ሰፈር ነቅሎ ማውጣት የለም። በአምስቱ ዙር ከ350 በላይ ሰፈሮች ተዘጉ። ብልሃቷ እዚህ ጋ ናት፣ ኮሚሽኑ ራሱ ምንም አልሰረዘም፣ ዝም ማለት ራሱ ውሳኔ እንዲሆን ነው የተደረገው። ዝም ካልክ ይዘጋል።

ግን ሙሉውን ልንገራችሁ። የ2005ቱ ዙር ለማስፈጸም 21 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ 35 ቢሊዮን ደረሰ፣ በ20 አመት ይተርፋል የተባለው 36 ቢሊዮን ወደ 10 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ብዙው ስራ መዝጋት ሳይሆን ከቦታ ቦታ ማዛወርና አዲስ መገንባት ስለነበር ነው። ቁጠባ ራሱ ወጪ አለው።

ነርስ ነኝ

እኔን ያስፈራኝ «ከሁሉም 10 በመቶ» የሚለው ነው። ይቅርታ አድርግልኝ የግዥ ሰው ግን እኔ በሰራሁበት የህክምና ተቋም ብክነት ማለት ምን እንደሆነ ልንገርህ። የደም ምርመራ ማሽን ተገዛ፣ ጥሩ ማሽን ነው፣ ተመረቀ፣ ፎቶ ተነሳ። ማሽኑ የሚገዛው በካፒታል በጀት ነው፣ ሪኤጀንቱ፣ ማለትም ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካል፣ ደግሞ በመደበኛ በጀት፣ እና የሪኤጀንቱን በጀት ማንም አላሰበውም። አራት ወር ሰርቶ ቆመ። ታካሚዎቻችንን ወደ ግል ላብራቶሪ እንልካቸው ነበር፣ ገንዘብ የሌለው ሳይመረመር ይመለሳል፣ አንዲት እናት ወረቀቱን ይዛ ኮሪደር ላይ ቆማ ስታለቅስ እስካሁን አይኔ ላይ ናት። እዛ ቤት 10 በመቶ ቢቀነስ የሚቀነሰው ምን ይመስልሃል? ሪኤጀንት፣ ጓንት፣ የጥገና ውል። ምክንያቱም ደሞዝ አይነካም፣ የተጀመረ ህንጻ አይነካም፣ የሚነካው ይሄ ነው። ያ ማለት ብክነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ጡረተኛ ኦዲተር

ልጄ ተባረኪ፣ ትልቁን ነገር ነው ያነሳሽው። እንግሊዞችም በ1921 በሰር ኤሪክ ጌዲስ የሚመራ የነጋዴዎች ኮሚቴ አቋቁመው ነበር፣ ህዝቡ «የጌዲስ መጥረቢያ» አለው። 87 ሚሊዮን ፓውንድ ይቀነስ አለ፣ የተወሰነው ጸደቀ። ብክነት ሊያጠፋ የተቋቋመው ኮሚቴ በመጨረሻ ትምህርት፣ ጤናና ቤት ላይ መጥረቢያውን ካሳረፉት አንዱ ሆነ። ብክነትን መቀነስና አገልግሎትን መቀነስ ሁለት የተለያየ ስራ ነው፣ መጀመሪያውን ያልለየ ኮሚሽን ሁለተኛውን መስራቱ አይቀርም፣ ምክንያቱም ይቀላል።

የግዥ ሰው

እሺ የ10 በመቶዋን ነገር ትቻታለሁ። «ነርስ ነኝ» ልክ ነሽ፣ ግዥ ክፍል ቁጭ ብዬ ያ ማሽን የት ሄዶ እንደሚያርፍ አስቤ አላውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሲሚንቶና ብረት

እኔ ኮንትራክተር ነኝ። ማንም ያላነሳውን ላንሳ፣ የክፍያ መዘግየት። የመንግስት ስራ ሰርቼ ክፍያ ሰርተፊኬት ካስገባሁ በኋላ ሰባት ስምንት ወር የጠበቅኩበት ጊዜ አለ። በዛ መሃል የባንክ ወለድ እከፍላለሁ፣ ሰራተኛ ይበተንብኛል። ታዲያ በሚቀጥለው ጨረታ ላይ ምን የማደርግ ይመስላችኋል፣ ያንን ወለድ አስቀድሜ ዋጋዬ ላይ ነው የምጭነው፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ አቅም የሌለው ደግሞ ጨርሶ አይወዳደርም ስለዚህ ተወዳዳሪ ያንሳል ዋጋ ይወጣል። ይሄ በየትኛውም ሪፖርት ላይ «ብክነት» ተብሎ አይጻፍም፣ ምክንያቱም አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ነው ይባላል። ግን ሁላችንም ከፍ አርገን ነው ያቀረብነው። ያለ ዲዛይን ጥናት ስራ አስጀምሮ በኋላ ተጨማሪ ስራና የዋጋ ማስተካከያ እያሉ ማቆምም እንደዛው ነው። ኮሚሽኑ ይሄን ካላየ ምን አየ?

አይነኬ የለም

ወሬ አበዛችሁ። ችግሩ ሌብነት ነው፣ መፍትሄው እስር ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እየተባለ ባደገ ማህበረሰብ ውስጥ ኮሚሽን ሳይሆን ካቴና ነው የሚያስፈልገው። አስር ትላልቅ ሰው እሰሩ፣ ከዛ ፕሪንተር የሚገዛ ካለ እናያለን።

ቁጥር ወዳድ

አይነኬ የለም፣ ሌባ አይታሰር ያለ የለም። ግን ከላይ የተነገሩትን ታሪኮች እስኪ መለስ ብለህ እያቸው። ፕሪንተሩ ላይ ሌባ የለም። ማሽኑ ላይ የለም። የሚዘገየው ክፍያ ላይ ምናልባት አለ ምናልባት የለም። በጣሊያን የመንግስት ግዥ ላይ በ2009 የወጣ ጥናት አለ፣ ተመሳሳይ እቃ፣ ወረቀት፣ ኮምፒውተር፣ ነዳጅ የመሳሰለውን የተለያዩ መስሪያ ቤቶች ስንት እንደሚገዙት አወዳደረ። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው፣ ሁሉም እንደ ጎበዞቹ ቢገዛ ወጪው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይወርድ ነበር። ከዛ ይሄ ልዩነት ከየት መጣ ብለው ሲለዩ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሳኔውን የሰጠው ሰው ምንም ያልተጠቀመበት ብክነት ሆኖ ተገኘ። አለማወቅ፣ የቢሮክራሲ ጫና፣ ግድ የለሽነት። ለገዢው ምንም አልገባለትም።

ይሄ ማለት በእስር የሚስተካከለው ትንሹ ክፍል ነው። እንዲያውም ሰውን ብቻ ስታስፈራራ የግዥ ባለሙያው ከኦዲት ለመዳን ብሎ ረጅሙንና ውዱን መንገድ ይመርጣል፣ ወረቀቱ ንጹህ እስከሆነ ድረስ።

የግዥ ሰው

ይሄን በእጄ ሰርቼዋለሁ። አንዴ ርካሽና ጥሩ አቅራቢ እያለ «ለምን እሱን መረጣችሁ» እንዳይሉን ብለን በውድ ገዝተናል። አይነኬ የለም፣ ንዴትህን እጋራለሁ ግን በኔ ላይ ካቴና ቢመጣ ፕሪንተሮቹ መገዛታቸው አይቀርም ነበር፣ ህጉ ነዋ ግዛ ያለን።

አይነኬ የለም

እሺ እሱ ልክ ነው፣ የመጨረሻው ወር ነገር በህግ ነው የሚመጣው። ግን ትላልቆቹን አትርሱ ነው የምለው፣ ትንንሹን እየቆጠርን ትልቁ እንዳያመልጠን።

ቁጥር ወዳድ

በዛው ስለ በጀት መዝጊያ ልጨምር፣ ይሄ የአንድ አገር በሽታ አይደለም። የአሜሪካ ፌደራል መንግስት ግዥ ላይ በተደረገ ጥናት በበጀት አመቱ የመጨረሻ ሳምንት የሚወጣው ገንዘብ ከሌላው ሳምንት አማካይ ወደ 5 እጥፍ የተጠጋ ነው፣ በዛ ሳምንት የተፈረሙ የኮምፒውተርና ሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ጥራትም ከሌላው ጊዜ በግልጽ ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው። የሚገርመው ነገር እዛው የፍትህ መስሪያ ቤቱ ያልተጠቀመበትን ገንዘብ ለዚሁ አይነት ስራ ወደሚቀጥለው አመት እንዲያሸጋግር ይፈቀድለታል፣ እሱ ጋ የመጨረሻው ሳምንት የጥራት ማሽቆልቆል አልታየም። አንድ አንቀጽ ነው የተቀየረው፣ ኮሚሽነር ሳይሾም።

ጥያቄ አለኝ

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሃሳቤ ትንሽ ተቀየረ። ኮሚሽኑ ሰው የሚያሳድድ ሳይሆን ብክነት የሚያመርተውን ደንብ የሚያሳድድ ከሆነ ያሉት ተቋማት የማይሰሩት ስራ ነው። ግን «ገለልተኛ» የሚለው ቃል አሁንም አይዋጥልኝም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል እኮ። በጀቱን የሚሰጠው ያው የሚመረምረው መንግስት ከሆነ ምን ገለልተኛ አለው? ጋሼ እርስዎ ምን ይላሉ?

ጡረተኛ ኦዲተር

በዚህ ጥያቄ ላይ ሙያ አጋሮቼ ብዙ ደክመውበታል። የአለም የኦዲት መስሪያ ቤቶች በ1977 ሊማ ላይ፣ በ2007 ደግሞ ሜክሲኮ ላይ ያወጡት መግለጫ አለ፣ ዋናው ጭብጡ ገለልተኝነት በአዋጅ መግቢያ ላይ ተጽፎ የሚመጣ ነገር አይደለም ነው። ሶስት ቦታ ላይ ይታያል። ማን ይሾመዋል ማን ያነሳዋል፣ በጀቱን ማን ይወስናል፣ ሪፖርቱን ማንንም ሳያስፈቅድ ያወጣል ወይ።

የአሜሪካው ዋና ኦዲተር ለ15 አመት ይሾማል፣ አይደገምም፣ ፕሬዝዳንቱ ብቻውን ሊያነሳው አይችልም። የእንግሊዙ ለ10 አመት አንዴ ብቻ ነው፣ በጀቱንም የሚያየው የፓርላማው ኮሚሽን ነው፣ ገንዘብ ሚኒስቴር አይደለም። ድጋሚ መሾም የማያምረው ሰው ለማንም አያጎነብስም። በ1861 የተቋቋመው የእንግሊዝ ፓርላማ የመንግስት ሂሳብ ኮሚቴ ደግሞ ሊቀመንበሩ በልማድ ከተቃዋሚ ወገን ነው የሚመረጠው። ሪፖርት ሲወጣ መንግስት በአብዛኛው በሁለት ወር ውስጥ እያንዳንዱን ምክረ ሃሳብ ተቀብያለሁ ወይም አልተቀበልኩም፣ ምክንያቱም ይሄ ነው ብሎ በጽሁፍ ይመልሳል። ልጆቼ እኔ በዛ ሰባት አመት ውስጥ ይቺን አንድ ነገር ባገኝ ኖሮ ብዬ እመኛለሁ። «አልቀበልም» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ እንኳ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ፊርማው አለ።

አንድ ገደብም አላቸው። የእንግሊዙ ኦዲተር የፖሊሲውን ግብ «ትክክል አይደለም» ብሎ መተቸት በህግ አይፈቀድለትም፣ የሚያየው አፈጻጸሙን ነው። ይሄ ይጠብቀዋል። ኮሚሽኑ «ይሄ ትምህርት ቤት አያስፈልግም» ማለት ከጀመረ በማግስቱ ፖለቲከኛ ነው።

ገጽ በገጽ

እና «ይሄን ያህል አዳንኩ» የሚለውን ቁጥር ኮሚሽኑ ራሱ እንዳይቆጥረው። በ2025 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የወጪ ቅነሳ ዘመቻ፣ እሱ ገለልተኛ ሳይሆን ከራሱ ከአስፈጻሚው ስር ነበር፣ በድረ ገጹ ላይ አንድ የ8 ሚሊዮን ዶላር ውል 8 ቢሊዮን ብሎ አውጥቶ በኋላ ነው ያረመው። የመጀመሪያው ሰሞን ቁጥር ሁሌም ይጋነናል፣ ግሬስም ጋ ያየነው ነው።

ሌላ ጥንቃቄ። እዛው አገር መስሪያ ቤቶች አግባብ ያልሆነ ክፍያ በየአመቱ እንዲያሳውቁ ከ2002 ጀምሮ ህግ አለ፣ በ2023 በጀት አመት 236 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ወጣ። ሰው ይሄን ሲሰማ 236 ቢሊዮን ተሰረቀ ይላል። ነገር ግን ውስጡ በዝቶ የተከፈለ አለ፣ ሰነዱ ስላልተሟላ ትክክል መሆኑ ያልተረጋገጠ አለ፣ ማግኘት ሲገባው አንሶ የተከፈለው ሰው ጭምር አለ። ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል «ብክነት» ካልከው ጡረታው የተቀነሰበትን ሽማግሌ ከአጭበርባሪ ጋር ቀላቀልከው።

ነርስ ነኝ

ለኔ ደግሞ ኮሚሽኑ ቢሮ ቁጭ ብሎ ሪፖርት የሚቀበል እንዳይሆን። ያ ማሽን በሪፖርት ላይ «ተገዝቶ ስራ ላይ ውሏል» ነው የሚለው፣ አራት ወር ስለሰራ። እቃ ክፍል ገብቶ አቧራውን በጣቱ የሚነካ ሰው ያስፈልጋል። እና የጠቆመውን ሰው የሚጠብቅ ነገር ይኑር፣ እኔ ያኔ ብናገር ኖሮ ወዴት እንደምዛወር አውቀው ነበር ስለዚህ ዝም አልኩ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የግዥ ሰው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሃሳቤን ከላይ ከጻፍኩት እንዲህ ቀይሬዋለሁ፣ ስህተት ካለ አርሙኝ።

ኮሚሽኑ ምንም የመሰረዝ ስልጣን አይኑረው። ከሁሉም እኩል የሚቀነስ መቶኛም አይኑር። ስራው አንድ ይሁን፣ ብክነት የሚያመርተውን ደንብና አሰራር ማግኘት፣ እንደ በጀት መዝጊያው፣ እንደ ሪኤጀንቱ፣ እንደ ክፍያ መዘግየቱ። በአመት አንዴ አጭር ዝርዝር ያቅርብ፣ ምክር ቤቱ እንዳለ ይቀበል ወይ እንዳለ ይጣል፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ ካልጣለው ይጽና። ደንብ ላልሆነው፣ ለአንድ መስሪያ ቤት ለሚሰጠው ምክረ ሃሳብ ደግሞ ኃላፊው በሁለት ወር ውስጥ በፊርማው ይመልስ፣ መልሱም ለህዝብ ይውጣ። አባላቱ አንድ ረጅም የስራ ዘመን፣ የማይደገም። የዳነውን ገንዘብ ዋና ኦዲተሩ ይቁጠር፣ እነሱ አይደሉም። «ጥያቄ አለኝ» ያነሳው ስጋት እንዳይደርስ መኪናና ህንጻ አይኑራቸው፣ ሰራተኛው ከኦዲት በትውስት ይምጣ። ጋሼ በዚህ ላይ የጎደለ አለ?

ጡረተኛ ኦዲተር

አንድ። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ተመርማሪው መስሪያ ቤት እውነታውን አይቶ አስተያየት የሚሰጥበት ቀን ይቀመጥለት፣ 30 ቀን ይበቃል። ይሄ ከሌለ አንድ የተሳሳተ ቁጥር መቶ ትክክለኛውን ያበላሻል፣ በራሴ ደርሶብኛል። ሁለት። ዝርዝሩ አጭር ይሁን ያልከው በጣም ልክ ነው። 2,478 ምክረ ሃሳብ ማንም አይከታተልም። 12 ይከታተላል።

ጥያቄ አለኝ

እኔ አሁን እቃወማለሁ ማለት አልችልም። ግን የሙከራ ጊዜ ይኑረው፣ አዋጁ ላይ አምስት አመት ተብሎ ይጻፍና ከዛ በራሱ ይብቃ፣ ይቀጥል ከተባለ እንደገና ድምጽ ይሰጥበት።

የግዥ ሰው

ይጨመር። እስከዛው ግን እኛ እዚሁ አንድ ነገር እንጀምር። ተገዝቶ ወይም ተሰርቶ ስራ ላይ ያልዋለ በአይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ፣ የመስሪያ ቤትና የሰው ስም ሳትጠሩ፦ ምን ነበር፣ ማን ጠየቀው፣ ለምን ቆመ። በደንብና በአሰራር እንለያየዋለን። የኔን አንደኛ አድርጉት፣ 26 ፕሪንተር፣ የጠየቁት የስራ ክፍሎቹ፣ ምክንያቱ በጀት መዝጊያ።

ሲሚንቶና ብረት

ሁለተኛ። ጀነሬተር፣ ትልቅ። የጠየቀው የጥገና ክፍል ነው። የሚቆምበት የኮንክሪት መሰረት በሌላ የበጀት ርዕስ ስለተያዘና ያ ርዕስ በዛ አመት ስላልተለቀቀ አልተሰራም። እኔ ለሌላ ስራ ግቢው ውስጥ ሶስት አመት ስመላለስ በሸራ ተሸፍኖ ነው የማየው፣ መሰረቱን ለመስራት የሚፈጀው የሁለት ሳምንት ስራ ነው።